«እዚሁ ቅርብ ነው እኮ!»

ዛሬ የምናነሳት ጉዳይ ትንሽ ትመስላለች። መኪና ባለበት ቤት ግን ጠዋትና ማታ የምታጨቃጭቅ ናት። መኪናው ተነሥቶ ገና ከግቢው በር ሳይርቅ «ጢን! ጢን! ጢን!» ማለት ይጀምራል። ቀበቶ ያላሰረ ሰው አለ ማለቱ ነው። አባት «እዚሁ ቅርብ ነው እኮ!» ይላል። እናት «እሰርና ዝም ይበልልን» ትላለች። ልጆች ከኋላ ሆነው ድምፁን እያስመሰሉ ይስቃሉ። ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይደረስና ጭቅጭቁ ለማታ ይተላለፋል።

በድሮዎቹ መኪኖች ጊዜ ይህ ብዙም አልነበረም። በብዙዎቹ ላይ ቀበቶ አለመታሰሩን የምትናገረው ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራ ትንሽ ቀይ መብራት ነበረች። እሷን ደግሞ ልብ የሚላት አልነበረም። አሁን ነገሩ ተለውጧል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የበዙት አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ሞተራቸው ድምፅ የለውም፤ ቀበቶ ላላሰረ ሰው ግን ዝም አይሉም። ጥቂት እንደሄዱ ይጀምራሉ፣ ፍጥነት ሲጨምር ይብስባቸዋል፣ አንዳንዶቹም ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ሳይቀር ይቆጥራሉ።

ሰው ደግሞ መላ አያጣም። አንደኛው መላ ቀበቶውን በጀርባ በኩል አዙሮ መሰካትና ላዩ ላይ ተደግፎ መቀመጥ ነው። ሁለተኛው የቀበቶውን ምላስ የሚመስል ቁራጭ ብረት ገዝቶ መሰኪያው ውስጥ መሸጎጥ ነው። ሦስተኛው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንድ ሄዶ «ይችን ድምፅ አጥፋልኝ» ማለት ነው። ሦስቱም ቀላል ናቸው፣ ብዙ ጊዜም አይፈጁም። የሚያደርጉትም አንድ ነገር ነው፦ ያልታሰረውን ሰው «ታስሯል» ብለው መኪናውን ይዋሹታል።

ይህን የሚያደርግ ሁሉ ግዴለሽ ነው ማለታችን አይደለም። ድምፁ እውነትም ያሰለቻል፤ የተሠራውም እንዲያሰለች ነው። ደግሞም አንዳንዴ ያለ ቦታው ይጮኻል። ጋቢና ወንበር ላይ የተቀመጠ የሽንኩርት ከረጢት ለመኪናው ሰው ይመስለዋል። መኪና ከግቢ ለማስወጣት ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ሲባልም ይጮኻል። ስለዚህ «ነርቬን ነካው» የሚል ሰው ቅሬታው ከባዶ የመጣ አይደለም።

በዚህ ጉዳይ አንድ አገር ሙሉ የተቆጣበት ጊዜም ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. የ1974 ሞዴል መኪኖች የፊት ተቀማጮች ቀበቶ ካላሰሩ ሞተራቸው እንዳይነሳ ተደርገው ወጡ። ሕዝቡ ተማረረ። ወንበር ላይ የተቀመጠ የአስቤዛ ከረጢት እንኳ መኪናውን አላስነሳ ይል ነበርና አቤቱታው ምክር ቤት ደረሰ። በዚያው ዓመት ኮንግረሱ ግዴታውን አነሣ። አልፎም ተርፎ፣ በመንግሥት ደንብ የሚታዘዘው የማስጠንቀቂያ ድምፅ ከ8 ሰከንድ እንዳይበልጥ በሕግ ወሰነ። ያ ገደብ የተነሣው በ2012 ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሰው ሳያምንበት የተገደደውን ነገር ማምለጫ እንደማያጣለት ነው። ስለዚህ እኛም «ሕግ ነው፣ ትራፊክ ይቀጣችኋል» ብለን ብቻ አናልፍም። ሕግ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ትራፊክ ሲያይ ቀበቶውን ደረቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ አለፍ ሲል መልሶ የሚለቀውን አሽከርካሪም ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅጣት ፈርቶ የሚያስር ሰው ትራፊክ በማይቆምበት መንገድ ላይ አያስርም። የሰፈር ውስጥ መንገድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትራፊክ የማይቆምበት መንገድ ነው።

«የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይላሉ አበው። ቅርብ የሆነ ነገር ይናቃል ለማለት ነው። የሰፈራችንን መንገድም እንደዚሁ ንቀነዋል። ረጅም መንገድ ስንወጣ ጎማ እናያለን፣ ዘይት እንለካለን፣ ተሳልመን እንነሳለን። ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስ፣ ዳቦ ለመግዛት፣ አያት ቤት ደርሶ ለመመለስ ግን ቁልፉን አንሥተን መውጣት ብቻ ነው። እስቲ ያን አጭር መንገድ ልብ ብላችሁ እዩት። ከግቢ ወደ ኋላ የሚወጣ መኪና አለ። ከቅያስ ብቅ የሚል ባጃጅ አለ። ተሳፋሪ አይቶ ድንገት የሚቆም ሚኒባስ አለ። ለግንባታ አሸዋና ሲሚንቶ ጭኖ ቁልቁለቱን የሚወርድ ከባድ መኪና አለ። እኛ ቀስ ብለን ብንነዳ እንኳ፣ የሚመጣብን ሰው ፍጥነት በእኛ እጅ አይደለም።

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» ለሚል ሰው ደግሞ ትንሽ ስሌት እናሳየው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ከግንብ ጋር መጋጨት ከ3 ሜትር ተኩል ከፍታ ወድቆ መሬት ላይ ከማረፍ ጋር እኩል ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ከሆነ ከፍታው ከ6 ሜትር ያልፋል። በ50 ኪሎ ሜትር ደግሞ 10 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህ ከኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ እንደ መውደቅ ነው። ልጁን «ግድ የለም፣ ዝቅተኛው ፎቅ ነው፣ ዝለል» የሚል ወላጅ የለም። በ30 እና በ40 ኪሎ ሜትር ያለ ቀበቶ ይዞት የሚሄድ ግን ብዙ ነው።

ሕፃን አቅፎ ጋቢና መቀመጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ልማዳችን ነው። እናት ልጇን ከደረቷ የበለጠ የሚጠብቀው ቦታ ያለ አይመስላትም። እንግዲህ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ታቅፏል እንበል። መኪናው በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተጋጭቶ፣ ፊቱ እየተጨማደደ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ ያ ሕፃን በእናቱ ክንድ ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት 125 ኪሎ እንደሚመዝን ዕቃ ይሆናል። ከአንድ ኩንታል በላይ ማለት ነው። ሊወድቅ የተወረወረ ኩንታል ጤፍ በክንዷ ቀልባ የምታስቀር እናት የለችም። ፍቅሯ አንሶ ሳይሆን የሰው ክንድ አቅም ስለማይችለው ነው። እሷም ያልታሰረች ከሆነ ደግሞ የራሷ ክብደት ልጁን ከዳሽቦርዱ ጋር ያጣብቀዋል። አንዱን ቀበቶ ለእናትም ለልጅም አድርጎ ማሰርም መፍትሔ አይሆንም፤ ልጁ በቀበቶውና በእናቱ መካከል ይጨፈለቃል።

«መኪናዬ ኤርባግ አለው» የሚሉም አሉ። መሪው ላይ የተጻፈውን «ኤስ አር ኤስ» የሚለውን ምልክት አይታችሁት ይሆናል። የመጀመሪያው ፊደል «ተጨማሪ» የሚል ቃል ምህጻር ነው፤ ኤርባግ ለቀበቶ አጋዥ ሆኖ ተሠራ እንጂ ምትክ እንዲሆን አልተሠራም። ዓይን ተርገብግቦ ሳይከደን በኃይል ይነፋል። ቀበቶ ያላሰረ ሰው ፍሬን ሲያዝ አስቀድሞ ወደ ፊት ስለሚወረወር፣ ኤርባጉ ሲፈነዳ ፊቱና ደረቱ እላዩ ላይ ሆነው ያገኛቸዋል። በአንዳንድ መኪኖች ደግሞ ኤርባጉ መቼና እንዴት እንደሚነፋ የሚወስነው ኮምፒውተር ሰውየው መታሰር አለመታሰሩን ከመሰኪያው ያነባል። መሰኪያው ውስጥ የተሸጎጠችው ቁራጭ ብረት ድምፁን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ሥራ ታሳስታለች።

ዛሬ የምናስረውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ለቮልቮ ኩባንያ የሠራው ኒልስ ቦህሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ነው። ቀደም ሲል የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪዎችን በአደጋ ጊዜ ከነወንበራቸው የሚያወጣ መሣሪያ ይሠራ ነበር። የቀበቶው ጥበብ የግጭቱን ጉልበት ሆድና አንገት ላይ ሳይሆን ጠንካራ አጥንቶች ላይ፣ ማለትም ትከሻ፣ ደረትና ዳሌ ላይ ማከፋፈሉ ነው። ኩባንያው ፈጠራውን ሌሎች መኪና ሠሪዎችም እንዲጠቀሙበት ክፍት አደረገው። የዓለም ጤና ድርጅት ቀበቶ ማሰር መኪና ውስጥ ያለን ሰው በግጭት የመሞት ዕድል እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል። ይህን ያህል ጥቅም ያለውና በሁለት ሰከንድ የሚፈጸም ሌላ ሥራ በቤታችን ውስጥ ማግኘት ይከብዳል።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። ድምፁን የምናጠፋው ለአጭሩ መንገድ ብለን ነው፤ ዝምታው ግን በአጭሩ መንገድ ላይ አይቀርም። ሰኞ ጠዋት ለትምህርት ቤት መንገድ የተሸጎጠችው ብረት ቅዳሜ ቢሾፍቱ ለመዝናናት ሲኬድም እዚያው ናት። የፍጥነት ጣሪያው 120 ኪሎ ሜትር በሆነው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይም እዚያው ናት። አጎት መኪናውን ለሠርግ ሲዋስም፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣው የመጀመሪያ ልጅ ቁልፉን ተቀብሎ ከጓደኞቹ ጋር ሲወጣም እዚያው ናት። አባትየው «እኔ ለራሴ አውቃለሁ» ብሎ ያጠፋው ድምፅ ለራሱ ብቻ አልጠፋም።

ደግሞም ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ዘወትር ቀበቶ የሚያስር ሰው ይህን ድምፅ አይሰማውም። የሚሰማው በረሳበት ቀን ብቻ ነው። በልቅሶ መርዶ ሰምቶ ሲጣደፍ፣ በሌሊት የታመመ ሕፃን ይዞ ወደ ሐኪም ቤት ሲሮጥ፣ ሐሳብ ሲበዛበት ማለት ነው። ድምፁ የተሠራው ለእነዚያ ቀናት ነው። በእነዚያ ቀናት ደግሞ ከወትሮው ይልቅ በፍጥነት የምንነዳ እኛው ነን።

«ከኋላ ለተቀመጠ ሰው ምን ያደርግለታል?» የሚለውም የተለመደ ጥያቄ ነው። ለዚህ ከህንድ የመጣ አሳዛኝ መልስ አለ። የታዋቂው የታታ ኩባንያ ሊቀ መንበር የነበሩት ሳይረስ ሚስትሪ እ.ኤ.አ. መስከረም 4 ቀን 2022 ማሃራሽትራ ግዛት ውስጥ በመኪና አደጋ አረፉ። የነበሩበት መኪና ውድና ዘመናዊ ነበር። ከፊት የተቀመጡት ሁለቱ ሰዎች ቆስለው ተረፉ። ከኋላ የተቀመጡት ሚስትሪና ሌላው ተሳፋሪ ሞቱ፤ ፖሊስ እንዳለው ሁለቱም ቀበቶ አላሰሩም ነበር። ከዚያ በኋላ በአገሪቱ ብዙ ክርክር ተነሣ። በ2023 የህንድ የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ትልልቅ የኢንተርኔት ገበያዎች እነዚያን ድምፅ ማጥፊያ ቁራጭ ብረቶች ከመሸጫቸው እንዲያወርዱ አዘዘ። በሺዎች የሚቆጠሩ የሽያጭ ማስታወቂያዎችም ወረዱ። በዚህች ብረት ስንት ሰው ተዘናግቶ እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል።

ታዲያ ቅሬታው እውነት ከሆነ መፍትሔው ምንድን ነው? ድምፁን ከማፈን ይልቅ ምክንያቱን ፈልጎ ማስወገድ ነው።

መኪናው የሚጮኸው ጋቢና ላይ ለተቀመጠ ዕቃ ከሆነ፣ ዕቃውን እግር መርገጫው ላይ ወይም ከኋላ ሻንጣ መጫኛው ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ዘይት የሞላ ጄሪካን ወንበር ላይ መቀመጡ በራሱ አደጋ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ እሱም ይወረወራል። ሌላ ቦታ ከሌለ ዕቃውን ራሱን በቀበቶ ማሰር ይቻላል። ድምፁም ይቆማል፣ ዕቃውም አይንቀሳቀስም።

ሁሉም ታስሮ፣ ወንበሩም ባዶ ሆኖ የሚጮኽ ከሆነ ግን ብልሽት ነው። መሰኪያው ውስጥ ሳንቲም፣ የብስኩት ፍርፋሪ ወይም የፈሰሰ ለስላሳ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ወደ ጋራዥ ወስዶ «አጥፋልኝ» ሳይሆን «ሥራልኝ» ማለት ነው። የኤርባግና የቀበቶ ሽቦዎች አብረው ስለሚሄዱ ይህን ሥራ ለሚያውቀው ባለሙያ መስጠት ይገባል።

«ነጭ ልብሴን ያቆሽሽብኛል» የሚሉ እናቶች ደግሞ አሉ። እውነታቸውን ነው። ለወራት ያልታሰረ ቀበቶ አቧራ ይጠጣል፤ እሁድ ማለዳ የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስቦ፣ ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና በጨርቅ መጥረግ፣ ደርቆ እስኪያልቅም ተስቦ እንዲቆይ ማድረግ ነው። በረኪና ግን ክሩን ስለሚያዳክም መንካት የለበትም። ጋቢ ወይም ወፍራም ካፖርት የለበሰ ሰውም ልብሱን ገለጥ አድርጎ ቀበቶውን ወደ ሰውነቱ ጠጋ ቢያደርገው ይሻላል፤ ላልቶ የታሰረ ቀበቶ ሥራውን በሚገባ አይሠራም።

ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት «ልጄን ይጫነዋል» ብላ ልትፈራ ትችላለች። አስተሳሰሩን ካወቀችው ግን ቀበቶው ለሁለቱም ይጠቅማል። የታችኛው ክፍል ከሆዷ በታች ዳሌዋ ላይ ይውላል፣ የላይኛው በጡቶቿ መካከል አልፎ በሆዷ ጎን ይወርዳል። ሆዷ ላይ የሚያርፍ ነገር አይኖርም።

ልጆችን በተመለከተ ቦታቸው የኋላ ወንበር ነው። ሕፃናት በልካቸው በተሠራ የልጅ ወንበር፣ ከፍ ያሉትም ቀበቶው እስኪደርስላቸው ድረስ በማሳደጊያ መቀመጫ ላይ ይሁኑ። ቀበቶው ልክ መሆኑ የሚታወቀው አንገት ሳይነካ በትከሻ መካከል ሲያልፍ፣ ከታችም ሆድ ላይ ሳይሆን ጭንና ዳሌ ላይ ሲያርፍ ነው። ፊቱን ወደ ኋላ የሚያዞር የሕፃን ወንበር ደግሞ የሚሠራ ኤርባግ ባለበት ጋቢና ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም።

አንድ ከባድ ጉዳይ ይቀራል፤ እሱም የአያት ጉዳይ ነው። «ተይኝ ልጄ፣ አታስሪኝ፣ ያነቀኛል። ደግሞ ቀኑ ከደረሰ ቀበቶ ያስቀረዋል?» ይላሉ። ከእሳቸው ጋር መከራከር አይገባም፤ ክርክሩንም አናሸንፍም። ግን እኮ እኚሁ እናት ማታ የቤቱን በር ሳይቀረቅሩ አይተኙም፤ የልጅ ልጃቸውንም እሳት አጠገብ ትተውት አይሄዱም። እግዜር ይጠብቃል ብለው ያምናሉ፣ በሩንም ይቀረቅራሉ። ቀበቶም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። «እማዬ፣ ልጆቹ እርስዎን ነው የሚያዩት። እርስዎ ካላሰሩ እነሱም እንቢ ይሉኛል» ብትሏቸው ከብዙ ምክር ይልቅ ይህ ይሰማል። ከዚያም ቀበቶውን እናንተው ስባችሁ፣ ነጠላቸውን አስተካክላችሁ፣ አንገታቸውን እንዳይነካ የትከሻውን ማስተካከያ ካለ ዝቅ አድርጋችሁ ማሰር ነው። ብዙ አረጋውያን የሚጠሉት ቀበቶውን ሳይሆን መሰኪያውን ፈልጎ ማጣቱን ነው። ማንም አያግዛቸውም፣ እነሱም መቸገራቸውን መናገር አይወዱም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት አንድ ሥራ እንስጣችሁ። መኪናችሁ ውስጥ ግቡና አምስቱንም መሰኪያዎች እዩ። የተሸጎጠ ብረት ካለ አውጥታችሁ ጣሉት። ከወንበር ሥር የገቡትን የኋላ መሰኪያዎች ጎትታችሁ አውጧቸው፤ ብዙ ቤተሰብ ከኋላ የማያስረው መሰኪያው ጠፍቶበት ነው። ከዚያም በቤታችሁ አንድ ደንብ አውጡ፦ ሁሉም ሳይታሰር መኪናው አይንቀሳቀስም። የዚህ ደንብ አስፈጻሚ ደግሞ ትንሹ ልጅ ይሁን። «ሁሉም ታስሯል?» ብሎ የሚጠይቅ የአምስት ዓመት ልጅ ከየትኛውም የመኪና ድምፅ ይበልጣል። እሱን ዝም የሚያሰኝ ብረት ደግሞ የትም አይሸጥም።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።